ማግኒዥየም የሚሰጣትን እናት ሌሊት ስትጠብቂ

እህቴ፣ አዲስ አዋላጅ ሆነሽ ማታ ተረኛ ስትገቢ፣ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ይዟት ማግኒዥየም ሰልፌት የተጀመረላት ነፍሰ ጡር ትጠብቅሽ ይሆናል። መድኃኒቱ ከሚጥል መንቀጥቀጥ ያድናታል፤ ለእኔ ምትክ የለውም። በደም ውስጥ ሲበዛ ግን ጡንቻን ያዝላል፤ የምንተነፍሰውም በጡንቻ ነው።

አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ እንዲህ ባለች አንዲት እናት ላይ የተሰካችው የጣት መለኪያ (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የምታሳየው) 97 ታሳያለች። እህቷ «ሲስተር፣ ገና አሁን እንቅልፍ ወሰዳት፣ አትቀስቅሻት» አለችኝ። ትንፋሿን ብቆጥር በደቂቃ 10 ሆነ። የመለኪያዋ ቁጥር ያልወረደው ኦክስጅን ስለተሰካላት ነበር። ጉልበቷን ብመታ እግሯ አልተነሳም። በ4 ሰዓት ውስጥ የተጠራቀመው ሽንትም 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሽንት ካነሰ ደሟ ውስጥ ይከማቻል። ወዲያው አቁመን ሐኪሙን ጠራን፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ቀስ ተብሎ ተሰጣት። ዓይኗን ስትገልጥ እህቷ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ስለዚህ እያንዳንዱን መርፌ ከመስጠትሽ በፊት መዳፍሽን ከጋቢው ሥር ሆዷ ላይ አድርጊና ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ ላይ አይሠራም። ከ16 ካነሰ መርፌው አይሰጥም። ጉልበቷን ስትመቺ እግሯን ከሥር ደግፈሽ ያዢ። ምላሹ የሚጠፋው ትንፋሽ ከመድከሙ በፊት ስለሆነ ጊዜ ይሰጥሻል። ሽንቱን በዓይን አትገምቺ፤ ተረኛ ስትገቢ ከረጢቱን አራግፊ፣ ከዚያ በመለኪያ ቅጂው። በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መርፌውን አቆዪና ሐኪም ጥሪ።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የ10 በመቶውን ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር እና ለእጅ ማስተንፈሻ የሚሆን አምቡ ባግ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጪ። የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ መድኃኒት እንደሌለ ነው።

የጣት መለኪያዋንም አትጣያት። ከ95 በታች ካሳየች ለነፍሰ ጡር አሳሳቢ ነው። ነገር ግን እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት፣ የቀዘቀዘ እጅም ያሳስታል፤ እጇን አሙቂ፣ ሌላ ጣት ሞክሪ።

ለአስታማሚዋም ንገሪያት፦ መርፌው ሲገባ ሙቀት ቢሰማት አትደንግጪ፤ ንግግሯ ከተኮላተፈ ወይም ስትጠሪያት ቶሎ ካልነቃች ግን «ደክሟት ነው» ብለሽ አትተያት፣ ሮጠሽ ጥሪኝ።