አዲስ ቤት፣ የድሮ አንሶላ

ቤት ስትቀይሩ ትንንሽ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ይነጫነጫሉ፤ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የልጁን አንሶላና የትራስ ልብስ ከመዛወራችሁ በፊት አትጠቡ። እንዳለ ጠቅልላችሁ በፌስታል ለብቻው ያዙት። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ሌላው ዕቃ ይቆይና መጀመሪያ የእሱን አልጋ አንጥፉ። ራስጌው ግድግዳ ጋ ከነበረ አሁንም ግድግዳ ጋ ይሁን። ክፍሉ ባዳ ቢሆንበትም ትራሱ የሚያውቀውን ሽታ ይሸተዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከዓይን ይልቅ አፍንጫ ነው የሚሠራው።

ያልታጠበ አንሶላ አዲስ ቤት ማስገባት እንደሚቀፋችሁ አውቃለሁ። ለጥቂት ቀን ቻሉት። የድሮው ቤት ትኋን ከነበረበት ግን ይሄ ዘዴ ይቅርባችሁ፤ ሁሉንም በሚያቃጥል ውሃ አጥባችሁ ውሰዱ።