አስትሮይድስ፦ ድንጋዩን ሁሉ አትስበሩ

የጌም ኩባንያው አታሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውና ላይል ሬይንስና ኤድ ሎግ የሠሩት የድንጋይ መተኮሻ ቪዲዮ ጌም፣ አስትሮይድስ፣ ሲታይ ቀላል ነው፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ መስመሮች፣ ሦስት ማዕዘን መንኮራኩርና የሚንሳፈፉ ድንጋዮች። ዛሬ በኤሙሌተር (የድሮ ጌሞችን በኮምፒውተር በሚያስኬድ ፕሮግራም) ወይም በ2022 በወጣው አታሪ 50 የጌሞች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ጀማሪ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚያልቅበት ጣቱ ስለዘገየ አይደለም፤ መግፊያውንም መተኮሻውንም ስለሚያበዛ ነው።

ቁልፎቹ አምስት ናቸው፦ ወደ ግራ ማዞሪያ፣ ወደ ቀኝ ማዞሪያ፣ መግፊያ፣ መተኮሻና ሃይፐርስፔስ (መንኮራኩሯን ወደ ሌላ ቦታ መወርወሪያ)። በኪቦርድ ስትጫወቱ ሁለቱን ማዞሪያዎች ለግራ እጅ፣ መግፊያና መተኮሻን ለቀኝ እጅ ሁለት የተለያዩ ጣቶች ስጡ። ሃይፐርስፔስን በስህተት የማይነካበት ቦታ አርቁት። ርካሽ ኪቦርድ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን አንዱን ሊውጥ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ እየዞራችሁ፣ እየገፋችሁ፣ እየተኮሳችሁ ሞክሩት። ከዋጠ ቁልፎቹን ቀይሩ።

መንኮራኩሯ ፍሬን የላትም። መግፊያውን ስትለቁም በነበረችበት አቅጣጫ መንሸራተቷን ትቀጥላለች፤ በራሷ የምትቆመው በጣም ቀስ እያለች ነው። ማቆሚያው ፊቷን ወደ መጣችበት አዙሮ መግፋት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጨዋታዎች ለዚህ ብቻ አውሉ፦ መግፊያውን አንዴ ነካ፣ መዞር፣ አንዴ ነካ፣ መቆም። ይህ ሳይለመድ ሌላው ምክር ከንቱ ነው።

ጥይት በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከ4 በላይ አይኖራችሁም። ቁልፉን ተጭኖ መያዝም አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ጥይት አንድ መጫን ያስፈልጋል። ከሩቅ አራቱን ረጭታችሁ ከሳታችሁ እስኪጠፉ ድረስ መሣሪያችሁ ባዶ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚያች ክፍተት ነው። ከቅርብ ሲተኮስ ግን ጥይቱ ወዲያው መትቶ ስለሚጠፋ ቀጣዩ ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ ቀረብ ያለውን ድንጋይ ምረጡ።

ትልቅ ድንጋይ 20 ነጥብ፣ መካከለኛ 50፣ ትንሽ 100 ነው። ትልቁ ሲመታ ሁለት መካከለኛ፣ እያንዳንዱ መካከለኛም ሁለት ትንሽ ይሆናል። አንድ ትልቅ ድንጋይ እስከ መጨረሻው ለመጨረስ 7 ምት ይፈልጋል፤ ዋጋው 520 ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ዙር በ4 ትልልቅ ድንጋዮች ይጀምራል፤ ሁሉንም በየተራ ሰንጥቃችሁ ከተዋችኋቸው 16 ትንንሾች በየአቅጣጫው ይከንፋሉ። አንዱን እስከ ፍርፋሪው ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ። ድንጋይ አቅጣጫውን አይቀይርም፤ በቀጥታ ይሄዳል፣ በአንዱ ጠርዝ ወጥቶ በተቃራኒው ይገባል። ስለዚህ የት እንደሚደርስ ቀድሞ ማየት ይቻላል።

አዲስ ዙር ሲጀምር ድንጋዮቹ ከጠርዝ ይመጣሉ። የመጨረሻውን ፍርፋሪ ከመምታታችሁ በፊት መሃል ላይ ቆማችሁ ጠብቁ። ጠርዝ ላይ ሆኖ ዙር መጨረስ አዲስ ድንጋይ ጭንቅላት ላይ መጥራት ነው።

እውነተኛው ነጥብ ያለው አልፎ አልፎ እየተኮሰ ስክሪኑን በሚያቋርጠው የጠላት መንኮራኩር፣ በበራሪ ሳህኑ ላይ ነው። ትልቁ ሳህን እንደመጣለት ይተኩሳል፤ 200 ነጥብ ነው። ትንሹ አነጣጥሮ ይተኩሳል፤ 1,000 ነጥብ ነው። አስሉት፦ የመጀመሪያውን ዙር ድንጋይ በሙሉ ማጽዳት 28 ምት ጠይቆ 2,080 ነጥብ ይሰጣል፤ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች በሁለት ምት 2,000። በየ10,000 ነጥቡ አንድ መንኮራኩር ስለሚጨመር አሥር ትንንሽ ሳህን አንድ ነፍስ ነው። ከ40,000 በኋላ የሚመጣው ትንሹ ብቻ ነው፤ ነጥባችሁ ባደገ ቁጥርም ዓላማው ይስተካከላል። ድምፁን አትዝጉት፤ ትንሹ ሳህን ከትልቁ በቀጠነ ድምፅ ይለያል፣ ከዓይን በፊት ጆሮ ይሰማዋል።

የድሮዎቹ ተጫዋቾች አድብቶ መጠበቅን የፈጠሩት ለዚህ ነው። አንድ ወይም ሁለት ድንጋይ ሳትመቱ ተዉ፤ ዙሩ አያልቅም፣ ሳህኖቹ ግን መምጣታቸውን አያቆሙም። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግታችሁ ወደ ላይ በፍጥነት ሂዱ፤ ከላይ እየወጣችሁ ከታች ትገባላችሁ። አፈሙዙን ወደ ቀረበው ጠርዝ አዙሩ። ሳህኑ የሚገባው ከግራ ወይም ከቀኝ ብቻ ነው። ከእናንተ ወገን ከመጣ አጠገባችሁ ነው፤ ከማዶ ከመጣም ጥይታችሁ በጠርዙ ዞሮ በአጭር መንገድ ያገኘዋል። እሱ ግን በጠርዝ በኩል ማነጣጠር አያውቅም፤ ስክሪኑን በሙሉ አቋርጦ መተኮስ አለበት። ይህ ዘዴ የሚከሽፈው የተረፈው ድንጋይ የእናንተን መንገድ ሲያቋርጥ ሳታዩት ስትቀሩ ነው፤ የምትተዉት ድንጋይ ዘገምተኛው ይሁን። በ1981 በወጣው አስትሮይድስ ዴሉክስ ሳህኖቹ በጠርዝ በኩልም ማነጣጠር ስለጀመሩ እዚያ አትሞክሩት።

ሃይፐርስፔስ መንኮራኩሯን ወደ ዘፈቀደ ቦታ ይወረውራታል። ድንጋይ አጠገብ ልትወጣ ትችላለች፤ አንዳንዴም ስትመለስ በራሷ ትፈነዳለች። ሞት የተረጋገጠ ካልሆነ አትንኩት። አዲስ መንኮራኩር ግን መሃሉ እስኪጸዳ ጠብቃ ስለምትወጣ፣ ነፍስ ከተረፋችሁ አንዳንዴ መሞቱ ይሻላል።

ቆጣሪው ከ99,990 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ1982 ስኮት ሳፍራን የተባለ ተጫዋች 41,336,440 ነጥብ አስመዝግቦ ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ2010 ጆን ማክአሊስተር በ2,300 ነጥብ በለጠው፤ ከሁለት ትንንሽ ሳህን እምብዛም አይበልጥም። እናንተም 100,000 ካለፋችሁ፣ ቆጣሪው በዞረ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት አድርጉ።