ከድሬ ቦሌ በአየር ስንት ነው? ርቀቱንም ሰዓቱንም ራሳችሁ አስሉት

አክስቴ አዲስ አበባ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነበራት፤ ጠዋት 3 ሰዓት። የምትኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። «በረራው አንድ ሰዓት ነው አሉኝ፣ በጠዋቱ ወጥቼ እደርሳለሁ» አለችኝ። የቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ አብረን ስናሰላው አልሆነም። ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት አዛወርነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፣ ስልክ ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ የሁለቱን ኤርፖርቶች ቦታ አውጡ። ጉግል ማፕ ላይ ኤርፖርቱን በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ሁለት ቁጥር ይመጣል፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ። የድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት 9.62 እና 41.85 ነው። ቦሌ ደግሞ 8.98 እና 38.80።

ቀጥሎ አቀናንሱ። ኬክሮሱ በ0.64፣ ኬንትሮሱ በ3.05 ይለያያል። በእኛ አገር አካባቢ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ሁለቱንም በ110 አባዙ፦ 70.4 እና 335.5። ከዚያ የትምህርት ቤቷን ሒሳብ አስታውሱ። እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ። 343 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በመኪና ግን 515 ገደማ ነው፤ መንገዱ በጭሮ፣ በሂርናና በቁሉቢ ተራራውን እየዞረ ነው የሚሄደው። ይህ ዘዴ ለቅርብ ርቀት ነው። ለዱባይ ወይም ለአውሮፓ የማፑን ርቀት መለኪያ ተጠቀሙ።

አሁን ሰዓቱ። ወደ ድሬ የሚበርረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አየር ላይ ከተስተካከለ በኋላ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 343ን ለ660 ስታካፍሉ 31 ደቂቃ ነው። ታዲያ ቲኬቱ ለምን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል? አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይንደረደራል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ለማረፍ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ይዞራል። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ለአጭር በረራ ይህ ግምት ብዙም አያሳስትም።

ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ስታነቡ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 6 ቀንሱ። 07:30 ማለት ጠዋት 1:30 ነው፣ 13:20 ደግሞ ቀን 7:20። ወደ ውጭ አገር ከሆነ የሰዓት ልዩነቱንም አስቡ። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም ቲኬቱ ላይ መነሻና መድረሻው በ5 ሰዓት ቢለያይ የበረራው ጊዜ 4 ነው።

የአክስቴ በረራ 1:30 ነበር። ሁለት ሰዓት ቀድማ ለመድረስ 11:30 ኤርፖርት መገኘት አለባት። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሐሮማያ አልፎ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ አለ፣ ያውም በጨለማ። ስለዚህ ከቤት ሌሊት 10:15 ትወጣለች። ቦሌ 2:30 ታርፋለች፣ ሻንጣ ይዛ ስትወጣ 3 ይሆናል፣ በአዲስ አበባ መንገድ ሐኪም ቤት ስትደርስ 4። የአንድ ሰዓቱ በረራ ከቤት እስከ ሐኪም ቤት 5:45 ፈጀ።

ጉዟችሁ ታህሳስ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሰሞን ከሆነ ደግሞ ለደንገጎ መንገድ ብቻ ሁለት ሰዓት ጨምሩ። የቁሉቢ ገብርኤል ተጓዥ፣ በእግርም በመኪናም፣ መንገዱን ይሞላዋል።