ፍሪጁ ሲጠፋ ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም

የዶልፊን ሚኒባስ የኋላ ወንበሮች ተነስተው አልጋና ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ገብተዋል። መኪናው ሲሄድ ፍሪጁ ደህና ይሠራል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ኮምፕረሰሩ ልነሳ ሲል ቀጥ ይላል። በቴስተር ሲለካ ፍሪጁን የሚመግበው ሁለተኛው ባትሪ ላይ 12.4 ቮልት፣ በዚያችው ቅጽበት ፍሪጁ ሶኬት ላይ 11።

ነገሩ ሽቦው ነው። የተዘረጋው ባለ 1.5 (ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር) ነበር፤ ደርሶ መልስ 12 ሜትር ሲሆን በ10 አምፔር 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ፍሪጁም ባትሪው ያለቀ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው 14 ቮልት ስለሚሰጥ ጉድለቱ ይሸፈናል። (ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ገንዘብ ማቃጠል ነው።)

ባለ 6 ሽቦ ከሁለተኛው ባትሪ ቀጥታ ተዘረጋ፤ ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም። ከፖዘቲቩ 20 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ገባ። ማሳውን (በመኪናው ብረት በኩል የሚመለሰውን ኔጌቲቭ) ከወንበር ብሎን ማሰር አያዋጣም፣ ቀለሙ አላስነካ ይላል። የሲጋራ ላይተር ሶኬቱም ወጣ፤ በንዝረት ላልቶ የፕለጉ ጫፍ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ ነበር። በምትኩ በብሎን የሚጠብቅ ተርሚናል።

አሁን ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ፍሪጁ ጋ 12 ቮልት ይነበባል።