ድርቅ ያለው መሪና አንድ ቡሎን

መሪው እየቆየ ድርቅ ይልብኝ ነበር፤ የዳሽቦርዱ የመሪ መብራትም አብሮ ይበራል። ፓወር ስቲሪንጉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ የሚታይ ዘይት የለውም። ፊውዙ ደህና ነው። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ መኪናው ከተነሳ በኋላ 14.1፤ እሱም ደህና ነው። የመሪውን ሞተር ቀይር ያሉኝ ነበሩ፤ እንኳንም አልቸኮልኩ።

የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመሪው ኮምፒውተር ግራውንድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሽቦ) ላይ አደረግኩ። መሪው ሳይዞር ዜሮ አለ። መኪናው ተነስቶ እንደቆመ ጓደኛዬ መሪውን ሲያዞር ግን 1.8 ቮልት! ከ0.2 መብለጥ አልነበረበትም፤ ቮልቱ በመመለሻው መንገድ ላይ እየባከነ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የመሪው ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ካልሳበ ጥፋቱ ይደበቃል።

የግራውንዱ ሽቦ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ሥር አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጥብቄ አሰርኩት። አሁን 0.05 ነው። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል።