ስለ ዓለም የኢነርጂ ጉዞ በአደባባይ ሲናገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢነርጂ ባለሙያ መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊቱ የተቀመጡት አብዛኞቹ የሚናገረውን ለማጣራት ጊዜውም ዕውቀቱም የላቸውም። አምነውት ነው የመጡት። ከአንድ ሰዓት ንግግር አንድ ሁለት ቁጥር ይዘው ይወጣሉ፤ ያም ቁጥር በማግስቱ ዜና ይሆናል፣ ውሎ አድሮ ደግሞ በበጀትና በፖሊሲ ክርክር ውስጥ ይገባል። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ለአድማጭ ላቅልለው ሲሉ ወይም ሰዓት ሲያጥራቸው ይሳሳታሉ፤ አዋቂ ስለሆኑም ስህተታቸው ሳይመረመር ያልፋል።

ኤሌክትሪክንና ጠቅላላ ኢነርጂን ማምታታት

ከሁሉም የሚደጋገመው ይህ ነው። ታዳሽ ምንጮች ከዓለም የኤሌክትሪክ ምርት 30 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ተናጋሪው ግን «ከዓለም ኢነርጂ 30 በመቶው» ብሎ ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሰዎች በመጨረሻ ከሚጠቀሙበት ኢነርጂ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በመኪናና በመርከብ ሞተር የሚነድ ነዳጅ፣ የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ከፍተኛ ሙቀት፣ የቤት ማሞቂያና ማብሰያ ነው። ከጠቅላላው የዓለም የኢነርጂ አቅርቦት 80 በመቶ ገደማው ዛሬም ከድንጋይ ከሰል፣ ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። 30 በመቶ የሚለውን ብቻ የሰማ አድማጭ ነዳጅን የመተካቱ ሥራ ሲሶ እንደተጠናቀቀ ያስባል።

ይህንኑ 80 በመቶ ይዘው በሌላው አቅጣጫ የሚሳሳቱም አሉ። «ይህን ሁሉ ነዳጅ በኤሌክትሪክ ለመተካት ያንኑ ያህል ኢነርጂ ማመንጨት አለብን» ይላሉ። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ነው፤ የተረፈው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን የተቀበለውን አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ሂት ፓምፕ የሚባለው የቤት ማሞቂያ መሣሪያ ደግሞ አብዛኛውን ሙቀት ከውጭ አየር እየሳበ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። ስለዚህ የሚተካው የሚነደው ነዳጅ ሁሉ ሳይሆን ሰው ከዚያ ነዳጅ የሚያገኘው አገልግሎት ነው፤ እሱም ከነዳጁ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሁለቱንም ወገን በአንድ ንግግር ውስጥ ማስረዳት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከሌላ ርዕስ ተቀንሶም ቢሆን ይህ ጊዜ ይሰጠው።

የተተከለን አቅም እንደ ምርት መቁጠር

«በዚህ ዓመት ይህን ያህል ጊጋዋት ሶላር ተተከለ» የሚለው ዜና ጆሮ ይስባል። ጊጋዋት ግን ጣቢያው በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ነው፤ አንድ ጊጋዋት ለሁሉም ምንጭ እኩል ኤሌክትሪክ ማለት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በ90 በመቶ አቅሙ የሚሠራ አንድ ጊጋዋት የኒውክሌር ጣቢያ 7.9 ቴራዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል። በ20 በመቶ የሚሠራ አንድ ጊጋዋት ሶላር 1.75 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይህ ሶላርን የሚያጥላላ አይደለም፤ ዋጋውና የሚተከልበት ፍጥነት የራሳቸው መልስ አላቸው። አድማጭ ግን ሁለቱን ጊጋዋቶች እኩል አድርጎ እንዲያይ መተው ተገቢ አይደለም።

በባትሪ ላይ ይኸው ስህተት ይብሳል። በ2017 በደቡብ አውስትራሊያ የተተከለው የሆርንስዴል ባትሪ በወቅቱ በዓለም ትልቁ የሊቲየም ባትሪ ተብሎ ነበር። አቅሙ 100 ሜጋዋት፣ ማከማቻው 129 ሜጋዋት ሰዓት ነበር። በሙሉ አቅሙ ቢለቅ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው፣ ከዚያ ያልቃል። ሜጋዋቱ የቧንቧው ስፋት፣ ሜጋዋት ሰዓቱ የበርሜሉ መጠን ነው፤ አንዱን ብቻ የጠራ ተናጋሪ ግማሹን ደብቋል።

ትንበያን እንደ ትንቢት ማቅረብ

በ1954 የአሜሪካ የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሉዊስ ስትራውስ፣ ልጆቻችን በቤታቸው በቆጣሪ መለካት እንኳ የማያስፈልገው ርካሽ ኤሌክትሪክ ያገኛሉ ብለው ተናገሩ። ሰባ ዓመት አለፈ፣ ቆጣሪው አሁንም ይቆጥራል። በ1956 የሥነ ምድር ባለሙያው ኪንግ ሃበርት የአሜሪካ የነዳጅ ምርት ከ1965 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ጣራ ነክቶ ይወርዳል አሉ፤ በ1970 ጣራ ነካ፣ ትክክል ነበሩ ተባለ። በ2018 ግን ከሼል ድንጋይ የሚወጣው ነዳጅ ያንን ክብረ ወሰን ሰበረው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲም ለብዙ ዓመታት የሶላርን እድገት አሳንሶ ሲገምት ቆይቷል።

ከእነዚህ የምወስደው «ትንበያ ከንቱ ነው» የሚለውን አይደለም። ኤጀንሲው ራሱ ሲያወጣ የቆየው «አሁን ያለው ፖሊሲ ከቀጠለ»፣ «መንግሥታት የገቡትን ቃል ከፈጸሙ»፣ «በ2050 የተጣራ የካርበን ልቀት ዜሮ ከሆነ» የሚሉ በቅድመ ሁኔታ የታሰሩ መንገዶችን ነው። ተናጋሪው ቅድመ ሁኔታውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሲወጣ ነው የሚሳሳተው። «ይህ ከሆነ፣ ይህን ያህል» ማለት አንድ ሐረግ መጨመር ነው፤ አድማጭም ምን መከታተል እንዳለበት ያውቃል።

የአንድ ቀንን ዋጋ አዝማሚያ ማድረግ

ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የውል ዋጋ በበርሜል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆኖ ዋለ። የነዳጅ ዘመን አበቃ ያሉ ነበሩ። የሆነው ግን በወረርሽኙ ፍላጎት ወድቆ፣ በኦክላሆማ ያለው ዋናው ማከማቻ ሊሞላ ተቃርቦ፣ በሜይ ወር ነዳጅ ለመረከብ የተገባው ውል በማግስቱ ሊዘጋ ሲል ነው። የአሥር ዓመት መስመር የሌለው የዋጋ ቁጥር መድረክ ላይ አይውጣ።

የቤተ ሙከራን ውጤት ገበያ እንደደረሰ መቁጠር

ስለ ፈጠራ ሲነገር ልብ ቶሎ ይሞቃል፤ ይህ መልካም ነው፣ ተስፋ ያስፈልጋል። ነገር ግን በዲሴምበር 2022 በካሊፎርኒያው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተደረገውን የኒውክሌር ውህደት ሙከራ ያስታውሱ። 2.05 ሜጋጁል ያለው የሌዘር ጨረር ገብቶ 3.15 ሜጋጁል ወጣ። ታላቅ ሳይንሳዊ ድል ነበር። ሌዘሮቹን ለመተኮስ ከኤሌክትሪክ መስመር የተወሰደው ግን 300 ሜጋጁል ገደማ ነበር። ይህን ሳይናገሩ «ካስገቡት በላይ ኃይል አገኙ» ማለት አድማጭን ያሳስታል፣ ሳይንቲስቶቹንም ባልሰጡት ቃል ተጠያቂ ያደርጋቸዋል።

ከዚህ ይልቅ የተሠራውን ታሪክ መንገር የበለጠ ያስተምራል። የቤል ቤተ ሙከራ በ1954 ያሳየው የሲሊከን የፀሐይ ሴል ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ርካሽ እስኪሆን ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ወስዷል። ዋጋውን ያወረደው አንድ ድንገተኛ ግኝት ብቻ አልነበረም፤ በዓለም የተመረተው ጠቅላላ መጠን እጥፍ በሆነ ቁጥር ዋጋው 20 በመቶ ያህል እየቀነሰ የመጣበት የፋብሪካ ልምድ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪም በ1991 ገበያ ላይ ውሎ፣ የባትሪ ጥቅል ዋጋ ከ2010 ወዲህ ነው 90 በመቶ ገደማ የወረደው። ፈጠራ ማለት ማምረቻ መስመርም፣ የብድር ወለድም፣ የማስተላለፊያ መስመር ፈቃድም ነው። ስለ እነዚህ የሚናገር ባለሙያ ጭብጨባው ሊያንስበት ይችላል፣ የሚናገረው ግን ለውሳኔ ይጠቅማል።

ርካሽ ኪሎዋት ሰዓትን ርካሽ ሥርዓት ማድረግ

ፀሐይ ቀትር ላይ የምትሰጠው ኤሌክትሪክ ርካሽ ነው፤ ሰው ደግሞ ብዙ የሚፈልገው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። በመካከል ያለው የማከማቻ፣ የመስመርና የመጠባበቂያ ወጪ በማመንጫው የወጪ ስሌት ውስጥ የለም። የማመንጫ ዋጋዎችን ሲያወዳድሩ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያክሉ።

በዓለም አማካይ ውስጥ መደበቅ

ቻይና በዓለም ብዙ ሶላር የምትተክል አገር ናት፣ ከዓለም የድንጋይ ከሰል ፍጆታም ከግማሽ በላዩ የሷ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከ600 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኤሌክትሪክ የላቸውም፣ ከ2 ቢሊዮን በላይ ደግሞ በእንጨት፣ በከሰልና በመሰል ጭሳማ ነገር ያበስላሉ። «ዓለም ፍጆታውን መቀነስ አለበት» የሚል ተናጋሪ ማንን እንደሚናገር ይግለጽ፤ የምትቀንሰው ነገር የሌላትን ሴት «ቆጥቢ» ማለት ግፍ ነው።

የሚከፍልዎትን አለመናገር

የነዳጅ ኩባንያ፣ የሶላር አምራች፣ መንግሥት ወይም የአካባቢ ድርጅት ከከፈለዎት ከመጀመሪያው ስላይድ በፊት ይናገሩት። በኋላ ከሌላ ሰው ከተሰማ፣ ያቀረቡት ትክክለኛ ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ለጥያቄ ሁሉ መልስ መስጠት

የኤሌክትሪክ መስመር መሐንዲስ ስለ ነዳጅ ፖለቲካ፣ የገበያ ተንታኝ ስለ ሪአክተር ደኅንነት ሲጠየቅ ዝም ማለት ይከብዳል፤ ከመድረክ የተነገረ ግምት ደግሞ እንደ ባለሙያ ቃል ይጠቀሳል። ጥያቄው ከሙያዎ ውጪ ከሆነ «ይህ የእኔ መስክ አይደለም» ብለው የሚያውቀውን የሙያ ዘርፍ ይጠቁሙ። በመስክዎ ውስጥ ሆኖ ቁጥሩን ካልያዙት ደግሞ የጠያቂውን አድራሻ ይቀበሉና ከነዓመቱ፣ ከነመለኪያው በጽሑፍ ይላኩለት።