ሲጨንቃችሁ መጀመሪያ ስኳራችሁን ለኩ

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሥራዬ መሃል ከተማ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ሰዓቱ ሲሄድ፣ አለቃዬ ትዝ ሲለኝ ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለረጅም ጊዜ "ጭንቀት ነው" እያልኩ አልፈው ነበር። አንድ ቀን ግን እዚያው ሰልፉ ላይ ስኳሬን ለካሁት። 58! ለካ ኢንሱሊኔን ተወግቼ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት።

ስኳር ሲወርድና ሰው ሲጨነቅ ሰውነት ላይ የሚታየው ነገር በጣም ይመሳሰላል። በስሜት ብቻ አትለዩትም። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ስኳር የሌለውን አይደለም)። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ካልተስተካከለ ድገሙት። መለኪያ ካልያዛችሁ እንደወረደ ቆጥራችሁ ጣፋጩን ውሰዱ።

ተቃራኒውም አለ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል፣ እነሱ ደግሞ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፣ ኢንሱሊንም እንደ ልቡ እንዳይሠራ ይይዙታል። ስለዚህ ትናንት የበላችሁትን ያንኑ ሽሮ ዛሬም በልታችሁ መለኪያው 240 ሊል ይችላል። "ምን በላሁ?" እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተናዳችሁ በራሳችሁ መድኃኒት አትጨምሩ፤ ጭንቀቱ ሲለቃችሁ ስኳሩም ይወርዳል፣ ያኔ የጨመራችሁት መጠን ይጥላችኋል።

እኔን የረዳኝ አንድ ተራ ደብተር ነው። ቁጥሩን፣ የበላሁትን፣ ቀኑ እንዴት እንደዋለ እጽፋለሁ። ከጊዜ በኋላ ሳየው የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት የጠዋት ስኳሬ ሁሌም ከ180 በላይ ነው። ሐኪሜ ደብተሩን ስታይ መድኃኒቱን ከመቀየር በፊት ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ። እውነትም በዚያ ሳምንት አልተኛም ነበር። አሁን ኪራዩን ደሞዝ በገባ ቀን ለብቻ አስቀምጣለሁ። ጭንቀቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን እተኛለሁ።

ማታ ከእራት በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ግቢው ውስጥ ዙሩ፣ ስኳርንም ልብንም ያረጋጋል። ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ታክሲ ውስጥ ስትጨነቁ ደግሞ አየር በአፍንጫ ሳቡና ከሳባችሁበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስወጡት፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ።

እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ "ኢንሱሊኔ ተበላሸ" የሚል ድንጋጤ አለ። የምትጠቀሙበት፣ የተከፈተው፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈና ፀሐይ እስካላገኘው ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 28 ቀን ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ማስታወሻ ወረቀት ግን እዩት። በረዶ ቤት ውስጥ በፍጹም አታስገቡት።

ጾም የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ።

ሁሉም ነገር ግን ጭንቀት አይደለም። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ትውከት፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣንና ከባድ አተነፋፈስ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ደስ የማይላችሁ፣ መድኃኒቱንም መውሰድ ያስጠላችሁ ከሆነም ለሐኪም ንገሩ። "አማኑኤል ሄደ ይሉኛል" ብሎ መደበቅ ብዙ ሰው ጎድቷል።

የመጨረሻው ነገር ጎረቤት ነው። እኔ ስኳር እንዳለብኝ ሁለት ዓመት ደብቄ ኖሬያለሁ፤ ቡና ላይ ስኳር ሲጨመርልኝ ዝም ብዬ እጠጣ ነበር፣ ለቅሶ ቤትም ለስላሳ ሲሰጡኝ እምቢ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ፊት ለፊቴ ያሉት እትዬ ሁሉን ያውቃሉ። ስኳሬ የት እንደተቀመጠ ያውቃሉ። ግራ ተጋብቼ ካዩኝ ጣፋጭ እንዲሰጡኝ፣ ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ በጎኔ አስተኝተው አምቡላንስ እንዲጠሩ ነግሬያቸዋለሁ። ቡናዬንም ያለ ስኳር ነው የሚቀዱልኝ።